ስለ አንቶን ቀብር፣ ስለ አርባ ሁለቱ ጎብኚዎችና ስለ ጠማማው የጡብ ረድፍ

የኖረሊንግ ሰበካ ጉባኤ አስቸኳይ ስብሰባውን ረቡዕ ኦክቶበር 9 ቀን 2019፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በተያያዘችው ትንሽ ክፍል አካሄደ። ትልቁ ክፍል ያልተመረጠው ማሞቂያው ስለ ተበላሸ ነው። ማሞቂያውን ያበላሸው ማን እንደሆነ በአጀንዳ አልተያዘም።

የተገኙት፦
ወ/ሮ ቦዲል ክራግ፣ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤
ቄስ ሲኔ ራውን፣ የአጥቢያው ሴት ቄስ፤
አቶ ኤጎን ትሩልሰን፣ የሕንፃው ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ፤
ወ/ሮ ኦዳ ቢልድ፣ አባል፣ ዕድሜያቸው እንዳይጻፍ የጠየቁ፤
አቶ ቬርነር ዩል፣ ጸሐፊ፣ ቀድሞ በምድር ባቡር የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጅ።

ያልተገኙት፦ አቶ ካይ ሞርክ። ያሉበት ቦታ፦ ካናሪ ደሴቶች። ምክንያት፦ ፀሐይ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስት አባላት አራቱ ከተገኙ ይበቃል፤ አምስት ተገኝተዋል። ወ/ሮ ኦዳ፣ "ቡናውን ላፈላ ስወጣስ እቆጠራለሁ ወይስ አልቆጠርም?" ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የኩሽናው በር ክፍት እስከ ሆነ ድረስ እንዲቆጠሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ስለሚሆነው ነገር

ሰብሳቢዋ ሁኔታውን አስረዱ። በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ከኮፐንሃገን የአንድ የሕንፃ ጥበብ ወዳጆች ማኅበር አርባ ሁለት አባላት በአውቶቡስ ይመጣሉ። የሚመጡት የቤተ ክርስቲያናችንን የሰሜን ግድግዳ ለማየት ነው። በግድግዳው ላይ በሰው ደረት ቁመት አንድ የጡብ ረድፍ ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ከጣሪያው ጠርዝ ካለው ጠባብ መስኮት ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ባሕር ሞገድ ይታያል። ቀጠሮው የተያዘው በማርች ወር ነው።

በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ባለፈው እሑድ ያረፉት የሽማግሌው ግንበኛ የአቶ አንቶን ሆልስ ሥርዓተ ቀብር ይፈጸማል። ይህ ቀጠሮ የተያዘው ትናንት ነው።

አቶ ኤጎን ሁለቱን በአንድ ሰዓት የመዘገበው የትኛው አህያ እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው፣ ጎብኚዎች በሰማያዊው ደብተር፣ ቀብር በጥቁሩ ደብተር እንደሚመዘገቡና ሁለቱ ደብተሮች ተገናኝተው እንደማያውቁ አስረዱ። አቶ ኤጎን፣ "ደብተሮቹ ባይገናኙም የሚጽፍባቸው እጅ አንድ ነው። ባቡር ከባቡር ሳታጋጭ ጡረታ መውጣትህ የፈጣሪ ሥራ ነው" አሉ። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ተጠየቀ። ጸሐፊው ተቃወሙ። ገባ።

ሰብሳቢዋ ቀብሩ ወደ ጠዋት እንዲዛወር ሐሳብ አቀረቡ። ቄስ ሲኔ፣ የሟች ዘመዶች ከኖርዌይ በመርከብ እንደሚመጡና መርከቡ ከሰባት ሰዓት በፊት እንደማይደርስ ገለጹ። ሰብሳቢዋ፣ "ታዲያ ወደ ምሽት ይዛወራ! አንቶን እንደሆነ አይቸኩል!" አሉ። ቄስ ሲኔ፣ "ቦዲል፣ ሰው እየቀበርን ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይደለም" ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢዋም፣ "አርባ ሁለት ሰው ነው፣ ሲኔ! እሑድ ስትሰብኪ ስንት ሰው ይመጣልሻል?" አሉ። ቄስ ሲኔ፣ "አሥራ አንድ" አሉ። አቶ ኤጎን፣ "ኦርጋን ተጫዋቹን ጨምረሽ ነው?" ብለው ጠየቁ። መሆኑ ተረጋገጠ።

አቶ ኤጎን ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ላይ እንዲፈጸሙ ሐሳብ አቀረቡ። "ቀብር ላይ ሰው ቢበዛ ማን ይጠላል? አስከሬኑ በፊት ይግባ፣ ጎብኚዎቹ ከኋላ ይግቡ፤ ማን ሐዘንተኛ ማን ጎብኚ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?" አሉ። ቄስ ሲኔ፣ ካሜራ የያዘው ጎብኚ እንደሚሆን አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጎብኚዎች ጥቁር ልብስ ለብሰው እንዲመጡ፣ መዝሙሩን የሚያውቁ እንዲዘምሩ፣ የማያውቁ አፋቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ከ"አሜን" በፊት ማንም ፎቶ እንዳያነሣ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መከዳዎቹ

የማኅበሩ ደብዳቤ ተነበበ። ማኅበሩ ቤተ ክርስቲያኑን "አርክቴክቱ እንዳስረከቡት ሆኖ" ለማየት ይመኛል። ሰብሳቢዋ፣ አርክቴክቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያስረክቡ በእንጨት ወንበሮቹ ላይ ዳክዬ የተጠለፈባቸው አሥራ ዘጠኝ የሱፍ መከዳዎች እንዳልነበሩ አስታወሱ። መከዳዎቹን የሠሩት ወ/ሮ ኦዳ ናቸው።

ወ/ሮ ኦዳ፣ "አርክቴክቱ ወንበሩን ሲሠራው ተቀምጦበት ያውቃል?" ሲሉ ጠየቁ። መረጃ አልተገኘም። ቀጥለውም፣ "እኔ በዚያ ወንበር ላይ ሃምሳ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከመከዳው በፊት ስብከቱ የሚያልቀው መቼ ነው እያልኩ ነበር የምጸልየው። አሁን ቢያንስ የሲኔን ግማሹን እሰማለሁ" አሉ። ቄስ ሲኔ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ መሆኑን ገለጹ።

አቶ ኤጎን በዳክዬዎቹ ላይ ተቃውሞ እንደሌላቸው፣ ሆኖም ሦስተኛው ዳክዬ በሬ እንደሚመስል ተናገሩ። ወ/ሮ ኦዳ በዚህ ጊዜ ወደ ኩሽና ሄዱ፤ በሩንም ዘጉ። ስብሰባው የቀጠለው በአራት አባላት ነው። የቀረፋ ዳቦ ይዘው ሲመለሱ ሁኔታው ተረጋጋ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መከዳዎቹ ለቅዳሜ ብቻ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲቆለፉ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ኦዳ ወዲያው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ለዚህ ውሳኔ እጁን ያወጣ ሁሉ በመጪው እሑድ ስብከቱ እስኪያልቅ በባዶ እንጨት ላይ እንዲቀመጥ። ይህም በሦስት ድምፅ አለፈ። የዚህኛው ሦስተኛ ድምፅ የአቶ ኤጎን ሲሆን፣ እርሳቸው እጃቸውን ያነሡት ዳቦ እንዲቀርብላቸው መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢዋ የወጣ እጅ እንደማይመለስ ወሰኑ።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ አጀንዳ

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። የሟች ልጅ ወ/ሮ ጉድሩን ሆልስ ገቡ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እንዲጻፍ አልተቃወሙም። ሰብሳቢዋ የልጅነታቸው ርዕሰ መምህር ስለ ነበሩ፣ እጃቸውን አውጥተው እስኪፈቀድላቸው ቆሙ። ተፈቀደላቸው።

ወ/ሮ ጉድሩን የአባታቸው የሬሳ ሳጥን በመንበሩ ፊት ሳይሆን ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ከጠማማው ረድፍ አጠገብ እንዲቀመጥ ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ፣ "ጉድሩን፣ የኔ ልጅ፣ እዚያ እኮ ጎብኚዎቹ የሚቆሙበት ነው። ለምን እዚያ?" አሉ።

ወ/ሮ ጉድሩን፣ "ያንን ረድፍ አባቴ የደረደረው እኔ በተወለድኩ ቀን ነው" አሉ።

አቶ ኤጎን፣ "አንቺዬ፣ አባትሽ ሁሉንም ረድፍ ነው የደረደረው" አሉ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "ሌላው ግን ቀጥ ያለ ነው። እሱ ብቻ ነው ያመለጠው" ሲሉ መለሱ።

ሰብሳቢዋ ከቦርሳቸው "የጸጋ ሞገድ" የተባለውንና አራት ዓመት ደክመው የጻፉትን ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ መጽሐፍ አወጡ። "ጉድሩን፣ ይሄ ሞገድ ተነድፎ የተሠራ ነው። ሁለት ዓመት ተጠንቶ" አሉ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "ማን አለ?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢዋ፣ "እኔ። ገጽ አሥራ አራት" አሉ።

ወ/ሮ ጉድሩን የሚያውቁትን ተናገሩ። አርክቴክቱ በማግስቱ መጥቶ ረድፉን ሲያይ "አፍርሰው" አለ። አባታቸው መዶሻውን አቀብለውት፣ "አንተ አፍርሰው" አሉ። አርክቴክቱ መዶሻውን እንደ ያዘ ፀሐይ ከደመና ወጥታ ረድፉ ላይ አረፈች፤ ጡቦቹም እንደ ሞገድ ታዩ። ያን ቀን ማንም ምንም አላፈረሰም። ጥቂት ቆይቶ አርክቴክቱ ስለ ሞገዱ ለጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጠ።

ቄስ ሲኔ ረድፉ ለምን እንደ ጠመመ ጠየቁ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "አባቴ ተናግሮ አያውቅም። እናቴ ግን ጠጥቶ ነበር ትላለች። 'እኔ ሳምጥ እሱ ሰክሮ ጡብ ያጣምም ነበር፤ ማታ መጥቶም ሴት ናት? ብቻ ነው ያለኝ።' ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየልደቴ ቀን፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ይሄንን ትናገራለች" አሉ። ቄስ ሲኔ፣ "አቶ አንቶንስ ምን ይላሉ?" ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "ምን ይላል? ኬኩን ይበላል" ሲሉ መለሱ።

አቶ ኤጎን፣ "አንቶን ሊናገር? ሠላሳ ዓመት ካርታ ስንጫወት 'አልፋለሁ' ሲል ብቻ ነው የሰማሁት" ሲሉ መሰከሩ።

ሰብሳቢዋ፣ አርባ ሁለት ሰው የሰካራም እጅ ለማየት ከኮፐንሃገን ድረስ እንደማይመጣ አስገንዝበው፣ ጉባኤው ይህንን እንዳልሰማ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኤጎን፣ ያልሰሙት ነገር በትክክል ምን እንደሆነ እንዲያውቁ እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ጉድሩን ደገሙት። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጉባኤው እንዳልሰማ በሦስት ለሁለት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ያልተሰማው ነገር ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ብለው ጠየቁ። በደቃቅ ፊደል እንዲጻፍ ታዘዘ።

አጀንዳ 4፦ በቦታው ላይ የተደረገ ምርመራ

ሳጥኑ በግድግዳውና በፊተኛው ወንበር መካከል ቢቀመጥ የሰው ማለፊያ ይኑር አይኑር ለመለካት ጉባኤው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። መለኪያ ሜትሩ አልተገኘም። አቶ ኤጎን፣ ከሟቹ ጋር የቀብር ሱፍ እየተዋዋሱ ይለብሱ ስለ ነበር ቁመታቸው እኩል መሆኑን ገልጸው፣ ከግድግዳው ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ። ወ/ሮ ኦዳ ከራሳቸው በታች መከዳ አደረጉላቸው። ቅዳሜ ገና ስላልደረሰ ይህ የአጀንዳ 2ን ውሳኔ እንደማይጥስ ተረጋገጠ። ጉባኤው በአቶ ኤጎን ዙሪያ ቆሞ ማለፊያውን በእርምጃ መለካት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ አንድ ረጅም ሽማግሌ በዋናው በር ገቡ። ጉባኤውንና የተጋደሙትን ሰው አይተው ቆባቸውን አወለቁ፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ በቀስታ ተቀመጡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሹክሹክታ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉ። አቶ ኤጎን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አሜን። ወለሉ ግን ይበርዳል" ሲሉ መለሱ።

ሽማግሌው ከድንጋጤያቸው ሲመለሱ ማንነታቸውን ገለጹ። አቶ ኤበ ሊንደ ይባላሉ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቅዳሜ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አስቀድመው ለማየት መጥተዋል። እርሳቸውም አርክቴክት ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በግንበኝነት ሠርተዋል። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ጨብጠው ገጽ አሥራ አራትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸው ጀመር።

"ሁለት ዓመት ተጠንቶ" ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ወረደ። አቶ ኤበ፣ "ይቅርታ፣ እመቤቴ" ብለው አለፏቸው፤ በአቶ ኤጎን ላይም ተራምደው ጣታቸውን በረድፉ ላይ አሳለፉ። ከምሥራቅ ጀምረው ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

"ይሄ በንድፍ አልተሠራም። የተነደፈ ነገር ልክ አለው" አሉ።

ሰብሳቢዋ መጽሐፉን ዘጉ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "አውቃለሁ። ሰክሮ ነው" አሉ።

አቶ ኤበ፣ "ማን ነው ሰክሮ ነው ያለሽ? ሰካራም ቢሆን ሁሉም ጡብ ይወላገዳል። እዪ፣ እዚህ አምስት ጡብ ቀጥ ብሏል፤ አንዱ ወጣ። አራት ቀጥ፤ አንዱ ወጣ። ረድፉን ለማቅናት የወጠረው ገመድ ልክ ነው፣ እጁም ልክ ነው። ዓይኑን ነው ከገመዱ ላይ ያነሣው። ዞር ይል ነበር። ከጀርባው ምን ነበር?" አሉ።

ከዚያ ወ/ሮ ኦዳ፣ "መንገዱ ነበር" አሉ። "ያኔ የወዲያኛው ግድግዳ አልቆመም። እስከ አንቶን ቤት ሜዳ ነው። አዋላጇ በብስክሌት የምትመጣው በዚያ መንገድ ነው። ዛሬ እንደምትሉት ባል ገብቶ እጅ አይዝም፤ ውጣ ተብሎ ነው የሚባረረው። ሌላ ምን ያድርግ? ሥራው ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል።"

አቶ ኤበ የወጡትን ጡቦች አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ ሰባት ሆኑ። ሰብሳቢዋ አላመኑም፤ ራሳቸው ቆጠሩ። አሥራ ሰባት። ጸሐፊውም ለመዝገቡ ሲሉ ቆጥረው አሥራ ሰባት አግኝተዋል።

ከዚያ አቶ ኤበ በምዕራቡ ጫፍ ቆሙ። የረድፉ የመጨረሻ አንድ ሜትር እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነው። እጃቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው፣ "እዚህ ጋ ሲደርስ ምሥራቹን ሰምቷል" አሉ።

ወ/ሮ ጉድሩን ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ቀጥ ባለው ጡብ ላይ አደረጉ። "ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገራትም?" አሉ። አቶ ኤጎን ከወለሉ ቀና ብለው፣ "ምን ብሎ? 'አሥራ ሰባት ጊዜ ዞር ብዬልሻለሁ' ይበላት? አንቶን?" አሉ። ወ/ሮ ጉድሩን ሳቁ፤ ሳቁም በመሐል ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ቄስ ሲኔ አጠገባቸው ሄደው ቆሙ።



አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢዋ ገጽ አሥራ አራትን ከመጽሐፋቸው ቀደዱ፤ አጣጥፈውም ኪሳቸው ከተቱ። "አራት ዓመት ጻፍኩ። አንድም ቀን ወደ አንቶን ቤት ሄጄ አልጠየቅሁም። ቤቱ ከቤቴ ሦስተኛው ነው" አሉ። ይህ እንዳይጻፍ ጠየቁ፤ ቆይተው ይጻፍ አሉ።

አቶ ኤበ የማኅበሩ ጉብኝት ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወር አስታወቁ። ወ/ሮ ጉድሩን፣ "አይ፣ ይምጡ። ለቀብሩ እንጂ ለፎቶ አይደለም። አባቴ በሕይወቱ ይህን ያህል ሰው መጥቶለት አያውቅም" አሉ።

ሰብሳቢዋ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጎብኚዎች የፈለጉትን ይልበሱ። መከዳዎቹ ከነዳክዬዎቻቸው ባሉበት ይቆዩ፤ እሑድም ማንም በባዶ እንጨት ላይ አይቀመጥ። ጉባኤው አልሰማሁም ያለውን ሰምቷል፤ በደቃቁ የተጻፈውም በጉልህ ይጻፍ። ሳጥኑ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ረድፉ ቀጥ ከሚልበት ጫፍ ይቀመጥ፤ ማለፊያ ከጠፋ ሰው በሌላ በኩል ይዙር።

ጸሐፊው፣ ሁሉም ውሳኔ ከተሻረ ስለ ኩሽናው በር የተወሰነውም እንደሚሻርና ወ/ሮ ኦዳ ቡና ሲያፈሉ እንዳልተቆጠሩ እንደሚሆን አሳሰቡ። ሰብሳቢዋ፣ "ቬርነር፣ ዝም በል" አሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ኤጎን ድምፃቸውን የሰጡት ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጡ ነው፤ የሚያነሣቸው ሰው ጠይቀዋል።

በመጨረሻም ወ/ሮ ጉድሩን ኮታቸውን እየለበሱ፣ እናታቸው በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ እንደሚጠብቋቸው ተናገሩ። ከዚያ ወደ አቶ ኤበ ዞረው፣ "እርስዎም ይምጡልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም። ባለሙያ ከሆነ ግን ትሰማለች" አሉ። አቶ ኤበ እሺ አሉ። ቄስ ሲኔ የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። ወ/ሮ ኦዳ የተረፈውን የቀረፋ ዳቦ ጠቀለሉ።

ሁሉም አባላት አብረው ለመሄድ ስለ ተነሡ፣ ስብሰባው ድምፅ ሳይሰጥ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተበተነ።

ቬርነር ዩል፣ ጸሐፊ